በደጃፌ የተቀመጠው ሙዝ

ቴፒ፣ ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

የቡና መሬቴን የተከራየው ደምሴ ዛሬ ከሰዓት ውሉን እናድስ ብሎ አራት ገጽ ወረቀት ይዞ መጣ።

«እትዬ፣ ያው የዱሮው ነው። እዚህ ጋ ብቻ ይፈርሙልኝ» አለ።

ሳላነብ ፈርሜ አላውቅም። መነጽሬን አድርጌ ከመጀመሪያው መስመር ጀመርኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ኪራይ መሆኑ ቀርቶ ስጦታ ሆኗል፤ «ላለፉት ሁለት ዓመታት ለጦሩኝ ለአቶ ደምሴ ይዞታዬን በፈቃዴ አስተላልፌያለሁ» ይላል።

«ማን ነው የጦረኝ?» አልኩት።

«ኧረ እትዬ! ማገዶውስ? ሙዙስ? ሰፈር ሁሉ ያየውን!» ብሎ ሳቀ።

ከግርጌው ሦስት ምስክሮች ቀድመው ፈርመዋል። አንዷ ጎረቤቴ ብርቄ ናት። ዛሬ ጠዋት እንኳ እጄን ይዛ ደህና አደሩ ብላኛለች።

አልፈርምም አልኩ። አልተቆጣም። ወረቀቱን ቀስ ብሎ አጣጠፈና «ግድ የለም፣ ያስቡበት። ምስክሮቹ እንደሆኑ አሉ» ብሎ ወጣ።

ያን ሁሉ ማገዶ እግዜር ይስጥልኝ እያልኩ ተቀብያለሁ። ሁልጊዜ የሚያመጣው ሰፈርተኛው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ጠብቆ ነበር። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም።

ሲወጣ አንድ ዘንቢል ሙዝ ደጃፌ ላይ አስቀምጦ ሄዷል። ባስገባው ተቀበለች ይባላል። ብተወውም መንገደኛው ሁሉ እያየው ነው።

ብርቄ ከአጥሯ ማዶ ቆማ ታያለች።