ሜዳውን በእግራቸው የሚዞሩት የአቶ ሕዝቅያስ ዳንጊሶ ኅልፈት

የታቦር ሞቶክሮስ አሽከርካሪዎች ማኅበር
ሐዋሳ፣ ጥቅምት 26 ቀን 2018 ዓ.ም

ለማኅበሩ አባላት፣ ለአሽከርካሪዎችና ለወላጆቻቸው፣ ለስፖርቱ ወዳጆች በሙሉ

የማኅበራችን መሥራችና ለአሥራ ስድስት ዓመታት የመወዳደሪያ ሜዳው ኃላፊ የነበሩት አቶ ሕዝቅያስ ዳንጊሶ፣ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው እሁድ ጥቅምት 23 ቀን 2018 ዓ.ም ጠዋት ታቦር በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም ትናንት ማክሰኞ ቤተሰቦቻቸው፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ምእመናን፣ የሙያ ባልደረቦቻቸውና ያሠለጠኗቸው አሽከርካሪዎች በተገኙበት ተፈጽሟል። ማኅበሩ የተሰማውን ሐዘን በተለመደው የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ለመግለጽ ሞክሮ አልሆነለትም። ያጣነው አባታችንን ነው። ስለዚህ እንደሚሆንልን እንጽፋለን፤ ከአሥራ ስድስቱ ዓመታት በኋላ ስለሆነው ነገርም ሳንሸሽግ እንናገራለን።

አቶ ሕዝቅያስ በ1950 ዓ.ም በይርጋለም ተወለዱ። በ1967 ዓ.ም ሥራ ፍለጋ ወደ ሐዋሳ መጥተው ፒያሳ በሚገኝ ጋራዥ በረዳትነት ተቀጠሩ፤ ከዚያም በዚያው ጋራዥ የሞተር ሳይክል መካኒክ ሆነው ከአርባ ዓመት በላይ ሠርተዋል። ሞተር ሲያስነሡ ጆሯቸውን ወደ ማሽኑ ጠጋ አድርገው ዝም ይላሉ። ባለቤቱ ስለ ብልሽቱ ማስረዳት ከጀመረ በእጃቸው ቆይ ይሉታል። ከማሽኑ በቀር የማንንም ወሬ አይሰሙም ነበር።

በ1998 ዓ.ም የከተማችን ወጣቶች በአስፋልት ላይ በባጃጆች መካከል ሲሽቀዳደሙ ብዙ ጉዳት ይደርስ እንደነበር ይታወሳል። አቶ ሕዝቅያስ ወጣቶቹን ከመቆጣት ይልቅ ቦታ ፈለጉላቸው። በታቦር ተራራ ግርጌ ለግንባታ አፈር ሲዛቅበት ቆይቶ የተተወ መሬት ነበር። ከቀበሌው ፈቃድ ለማግኘት ሰባት ወር ተመላለሱ። ፈቃዱ ሲገኝ በዶማ፣ በአካፋና በአንዲት የእጅ ጋሪ ሰባት ጉብታ ያለው፣ 1,300 ሜትር የሚረዝም ሜዳ ሠሩ። ይህ ማኅበርም ያን ጊዜ ተመሠረተ።

የሜዳው ሕግ አንድ ነው፤ እሱንም ያወጡት እሳቸው ናቸው። ልምምድም ይሁን ውድድር፣ አቶ ሕዝቅያስ ሜዳውን ከመነሻው እስከ መድረሻው በእግራቸው ሳይዞሩ ሞተር አይነሣም። ዶማቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ጉብታውን ይረግጣሉ፤ የላላውን ይደለድላሉ፤ ድንጋይ ይለቅማሉ። ዞረው ሲመለሱ ባርኔጣቸውን ከመነሻው ግንድ ላይ ባለችው ምስማር ይሰቅላሉ። ባርኔጣው ተሰቀለ ማለት መሬቱ ደህና ነው ማለት ነው። በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ሰሞን ሰዉ ወደ በዓሉ አደባባይ ወደ ጉዱማሌ ሲሄድ ሜዳው ይዘጋል፤ ከበዓሉ ማግስት ግን ከሁሉ ቀድመው እዚያ የሚገኙት እሳቸው ነበሩ።

በ2001 ዓ.ም የጀማሪዎችን የቅዳሜ ሥልጠና ጀመሩ። ጀማሪ የሆነ ሰው ሦስት ቅዳሜ በእግሩ ከእሳቸው ጋር ካልዞረ ሞተር ላይ አይወጣም። ስንቱ ወጣት በዚህ አኩርፎ ሄዶ በሳምንቱ ተመልሶ መጥቷል። በዚህ መልክ ከ140 በላይ አሽከርካሪዎችን አፍርተዋል።

በ2004 ዓ.ም በገበያ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላቸው ወ/ሮ አስማ ልጃቸውን አብዱልፈታህን ከሥልጠናው ሊያስወጡ ወደ ሜዳው መጡ። አቶ ሕዝቅያስ አልተከራከሯቸውም። አብረዋቸው እንዲዞሩ ብቻ ጠየቁ። ወ/ሮ አስማ በገበያ ጫማቸው ሰባቱንም ጉብታ ዞረው ሲመለሱ በወላጅ ፈቃድ ቅጹ ላይ ፈረሙ። አብዱልፈታህ በ2010 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ በተካሄደ ውድድር ሁለተኛ ወጥቶ ለሜዳችን የመጀመሪያውን ሜዳሊያ አምጥቷል። የአቶ ሕዝቅያስ ልጅ ወ/ሪት ሐዳሳም በ2008 ዓ.ም በሜዳው የተወዳደረች የመጀመሪያዋ ሴት ናት፤ አባቷ እሷንም ሦስት ቅዳሜ አዙረዋታል።

በዚህ ሜዳ ላይ እግሩ የተሰበረ አለ። ትከሻው የወለቀ አለ። ሕይወቱ ያለፈ ግን የለም።

አሁን ለመናገር የሚከብደንን እንናገራለን። ግንቦት 7 ቀን 2014 ዓ.ም ከሦስት ከተሞች ሠላሳ አንድ ተወዳዳሪዎች መጥተው ነበር። ድንኳን ተተክሏል፤ የክብር እንግዶች ቦታቸውን ይዘዋል። አቶ ሕዝቅያስ ሜዳውን ዞረው ባርኔጣቸውን እንዳጠለቁ ተመለሱ። ከሦስተኛው ጉብታ በስተጀርባ፣ ሞተሮች ዘለው የሚያርፉበት መሬት አላማረኝም አሉ። ሄደን አየን። ላይ ላዩ ደርቋል። አንድ ባልዲ ውኃ አፍስሰው፣ ውኃው ምንም ሳያቁር ሲሰርግ አሳዩን። እኛም መሬቱ ጠምቶት ነው አልን። ለመንናቸው፤ ቀጥሎም ተቆጣናቸው። የመለሱልን ይህንን ብቻ ነው፦ «ባርኔጣዬን ስሰቅል ልጆቹ ያምኑኛል። እኔ ያላመንኩትን መሬት እመኑ ልላቸው አልችልም።» ያለ እሳቸው ልናስጀምር ብንሞክርም አንድም አሽከርካሪ ሞተሩን አላስነሣም። እንግዶቹ ተነሥተው ሄዱ፤ ውድድሩም ተሰረዘ።

በሳምንቱ የሥራ አስፈፃሚ ኮሚቴው በቁጥር 41/2014 ለአቶ ሕዝቅያስ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠ፤ ከሜዳ ኃላፊነታቸውም አነሣቸው። «በማን አለብኝነት የማኅበሩን ገጽታ በማበላሸትዎ» ይላል ደብዳቤው። ቃሉን እዚህ የደገምነው እንድናፍርበት ነው።

ሃያ ቀን ሳይሞላ ሜዳውን ለማስፋት የተከራየነው የአፈር መዛቂያ ሎደር ከሦስተኛው ጉብታ በስተጀርባ የፊት ጎማው እስከ ዘንጉ ድረስ ሰመጠ። ነጂው በሰላም ወረደ። መሬቱን ጎርፍ ከሥር ሲቦረቡረው ኖሮ ሰው ቆሞ የሚገባበት ጉድጓድ ሆኗል። የውድድሩ ዕለት መጀመሪያ ሊነሣ የነበረው አብዱልፈታህ ነው። ወ/ሮ አስማም ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው ነበር።

የኮሚቴው አባላት በማግስቱ ታቦር ወደሚገኘው ቤታቸው ሄደን በቃል ይቅርታ ጠየቅን። አቶ ሕዝቅያስ ጨርሰን እስክንናገር እንኳን አልጠበቁም፤ የገባው የግራው ጎማ ነው የቀኙ ብለው ጠየቁን። የግራው ነው አልናቸው። ቀን ሳያሳልፉ ዶማቸውን ይዘው መጡ። በዚያው ክረምት መግቢያ የጎርፍ ማስወገጃውን ቦይ አስቆፈሩን፤ ርዝመቱንና ጥልቀቱን በቃላቸው እየነገሩ ሲያዙን፣ እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው ብለን ተደነቅን።

ደብዳቤው ግን አልተነሣም። አጀንዳው በመጀመሪያው ስብሰባ ምልዓተ ጉባኤ ባለመሟላቱ ለቀጣዩ ተላለፈ። በሁለተኛው ሰብሳቢው ከከተማ ወጥተው ነበር። በሦስተኛው ላይ፣ ጋሽ ሕዝቅያስ እኮ አልተቀየሙም፣ ይኸው በየሳምንቱ ይመጡ የለ እንዴ ተባለ። ከዚያ በኋላ በአጀንዳ አልተያዘም። አቶ ሕዝቅያስ ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ሹመት ሳይኖራቸው እንደ ማንኛውም አባል እየመጡ ሜዳውን ዞሩ፤ ባርኔጣቸውንም ሰቀሉ። ስለ ደብዳቤው አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እኛም ዝምታቸው ተመቸን።

ከትናንት በስቲያ ሰኞ ወ/ሪት ሐዳሳ የአባቷን የሕይወት ታሪክ ለማስጻፍ የወረቀት ማኅደራቸውን ይዛ ወደ ማኅበሩ ጸሐፊ አቶ ፊልሞን መጣች። የምስክር ወረቀቶቻቸው አሉበት፤ ያ ደብዳቤም አለበት። ለቤተሰቡ አሳይተው አያውቁም። ጀርባው ላይ የጎርፍ ማስወገጃው ቦይ በእስክሪብቶ ተሥሏል፤ ርዝመቱና ጥልቀቱ በቁጥር ተጽፏል። ከግርጌው «ክረምት ሳይገባ» ይላል። ልኩን በቃላቸው የያዙት ከዚህ ነበር። ወ/ሪት ሐዳሳ ደብዳቤውን አንብባ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ተነሥቶላቸዋል?» ደብዳቤውን የጻፈው አቶ ፊልሞን ነው፤ ይህንንም መግለጫ የሚጽፈው እሱ ነው።

ስለሆነም የሥራ አስፈፃሚ ኮሚቴው ዛሬ ባደረገው አስቸኳይ ስብሰባ በቁጥር 41/2014 የተጻፈው ደብዳቤ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ እንዳልተጻፈ እንዲቆጠር ወስኗል። ጥፋቱ የኮሚቴው እንጂ የአቶ ሕዝቅያስ አልነበረም። በመሆኑም አቶ ሕዝቅያስ ዳንጊሶ ከ1998 ዓ.ም እስከ ዕለተ ሞታቸው ለሃያ ዓመታት የሜዳው ኃላፊ ነበሩ፤ የሜዳው ኃላፊ እንደሆኑም ዐርፈዋል። ይህ መግለጫ ሲከፈት አሥራ ስድስት ተብሎ የተጻፈውም በዚህ ይታረም። ምልዓተ ጉባኤው ዛሬ ከሩብ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተሟልቷል። ይህም ያሳዝነናል።

ውሳኔያችን ለእሳቸው አይደርስም፤ ዘግይተናል። ለባለቤታቸው ለወ/ሮ ብርቅዬ፣ ለወ/ሪት ሐዳሳና ለወንድሞቿ፣ ፒያሳ ላሉት የጋራዥ ባልደረቦቻቸው፣ በሦስት ቅዳሜ ላሳደጓቸው ልጆች ሁሉ ግን ይድረስልን። ሐዘናችሁ ሐዘናችን ነው፤ ዕዳችን ግን ከእናንተ ይበልጣል። እግዚአብሔር ያጽናችሁ፤ እኛንም ይቅር በሉን።

የዓመቱ ውድድር በቤተሰቡ ፈቃድ እሁድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም በተያዘለት ቀን ይካሄዳል። በዚያን ዕለት ሜዳውን የምትዞረው ወ/ሪት ሐዳሳ ሕዝቅያስ ናት። ዶማውን የኮሚቴው አባላት እየተቀባበልን ይዘን ከኋላዋ እንከተላለን። ባርኔጣው በእሷ እጅ ነው። ዞራ ስትመለስ ከሰቀለችው ሞተር ይነሣል። ካልሰቀለችው ድንኳን ተተክሎም ቢሆን፣ እንግዳ ተቀምጦም ቢሆን ውድድር የለም፤ ለምን ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍላትም አይኖርም።