ከዳክዬዋ ፊልም የቆረጥሁት

ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሰገነት፣

እንደምን ከርመሻል? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም የእርጅና ነውና አትስጊ። ስደውልልሽ “ሥራ ላይ ነኝ አባዬ” እያልሽ ትዘጊብኛለሽ፤ እንግዲህ ወረቀት አይዘጋብኝም ብዬ ነው።

ፊልም አሳይበት የነበረው አሮጌው ሲኒማ ቤት ሊፈርስ ነበር። ባምላክ የሚባል የፔዳ ግቢ የዩኒቨርሲቲ መምህር “ቅርስ ነው” እያለ ቢሮ ለቢሮ ሲንከራተት ከርሞ አስቆመው። እግሩ ይባረክ! እንደገና ለሚከፈትበት ዕለት የዱሮውን የዳክዬዋን ካርቱን ለልጆች እንዳሳይ ተጠየቅሁ። ባምላክ ፊልሙን ሲፈትሽ፣ “ጋሽ ደሞዝ፣ መሐሉ ተቆርጦ ተቀጥሏል። ማን ነው ይኼን ያደረገ?” አለኝ።

“አይጥ ይሆናል” አልሁት። አይጥ በምላጭ ትቆርጣለች እንዴ? ሽማግሌ ሲዋሽ እንዴት ያስጠላል!

የቆረጥሁት እኔ ነኝ። እናትሽ ወለተ ሩፋኤል ጎንደር ሆስፒታል ያረፈች ሰሞን ነው። ዘመድ ጎረቤቱ “ለሕፃን መርዶ አይነገርም” አለኝ፤ እኔም “እናትሽ ይፋግ አያትሽ ዘንድ ሄዳለች” አልሁሽ። ፊልሙ በዚያው ሳምንት ደረሰ። እናት ዳክዬ የምትሞትበት ቦታ አለው። አንቺን አስቀምጬ እንዴት ላሳይሽ? ቆርጬ በቆርቆሮ ጣሳ ደበቅሁት። ዓመት ሙሉ ስትጠብቂያት ኖረሽ፣ መሞቷን ከትምህርት ቤት ልጆች ሰማሽ። ከዚያ ወዲህ እንደ ባዳ ነው የምታዋሪኝ። አልፈርድብሽም።

ሐሙስ ዕለት ጨክኜ ጣሳውን ለባምላክ አስረከብሁ። ቁራጩን ወደ ቦታው መልሰን ቀጥለን አየነው። ያኔ ስቸኩል መች አይቼው! እናቲቱ ዝም ብላ አትሞትም፤ ጫጩቷን ትጠራታለች። ጫጩቷ ክንፏ ሥር ገብታ ብዙ ትቆያለች። ባምላክ ፊት እንባዬ ወረደ።

ልጄ፣ እስከ ዛሬ ያልነገርሁሽ አለ። እናትሽም “ሰገነትን አምጣልኝ” ብላኝ ነበር። ልጅ እንዲህ ሆና አትያት ብዬ ሳላመጣሽ ቀረሁ። ሞቱን የደበቅሁልሽ መስሎኝ ስንብቱን ነፈግሁሽ። እሷንም ነፈግኋት። በድያለሁና ይቅር በይኝ።

ፊልሙ የካቲት 29 ቅዳሜ ይታያል። ነይ ብሎ የማዘዝ አፍ የለኝም፤ ብትመጪ ግን ደስታዬን አልችለውም። ሩፋኤል መንገድሽን ይጥረግልሽ፤ የእናትሽ አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ።

ከመጣሽ ሙሉውን አሳይሻለሁ። ብታለቅሺም አላቋርጠውም።

አባትሽ ደሞዝ