ያልመጣው እንግዳ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ዛሬ የሠራሁትን ለሰው አልናገረውም፤ እዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ሲጋራ ላቆም ስነሳ የጤና ጣቢያዋ ነርስ «ብቻህን አትችለውም፣ ሰው ያግዝህ» ብላኝ ነበር። እኔም እዚሁ ቀጨኔ ለሰፈራችን ባለሱቅ ለእትዬ አስካለ «ብለምንዎትም እንዳይሸጡልኝ» አልኳቸው። ቃላቸውን ጠበቁ። ሱሱ ሲነሳብኝ መስኮታቸው ጋ ሄጄ እቆማለሁ፤ ማስቲካ ይሰጡኛል፣ እናወራለን፣ ያልፋል። እስከ ዛሬ ያቆየኝ ይኸው ነው።

ዛሬ ግን ከአለቃዬ ጋር ተጣልቼ፣ ደሜ ፈልቶ መጣሁ። «አጎቴ ከደብረ ብርሃን መጥቶ ነው፤ ለእሱ አንድ ፍሬ ሲጋራ ይስጡኝ» አልኳቸው። አምነው ሰጡኝ። ከአጥሩ ጥግ ተሸሽጌ አጨስኩት። እንኳን ሊጥመኝ፣ ሳል ብቻ ሆነብኝ።

አመሻሽ ላይ በራችን ተንኳኳ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ደርበው፣ ትኩስ ዳቦ ይዘው ቆመዋል።

«የአጎትህ መምጣት ተሰምቶ ዝም ይባላል እንዴ? እንኳን ደህና መጣህ ልበለው ብዬ ነው።»

ባለቤቴ ሰናይት ዞራ አየችኝ። የሸሚዜ ሽታ ቀድሞ ነግሯታል።

«ውይ እትዬ፣ አሁን ወጣ አሉ እኮ!» አለቻቸው። ስትዋሽ ሰምቻት አላውቅም። መርቀውን ሄዱ።

ራት ላይ ዳቦውን ቆርሳ ሁለት ቁራሽ ፊቴ አስቀመጠች።

«አንዱ የአጎትህ ነው» አለች።

ሁለቱንም መዋጥ አቃተኝ።