ሚዛን ለሚቆጣጠሩት ኃላፊ፣ የኪሎ ድንጋይ ከሚሸከመው አያት

ይድረስ ለክቡር የሚዛን መቆጣጠሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ያ የሚሽከረከረው ወንበርዎም ሳይቀር ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከወገቤ በቀር ደኅና ነኝ፤ ስለ ወገቤ ከዚህ በታች እመለስበታለሁ።

እኔ በመሥሪያ ቤትዎ የሚዛን ፈታሾች ቡድን መሪ የሆነችው ልጅ አያት ነኝ። ያቺ ሆዷ በር ላይ ቀድሟት የሚገባው፣ ለመውለድ ሦስት ሳምንት የቀራት፣ ሐኪም “ከእንግዲህ እቤት አርፈሽ ተቀመጪ” ብሎ የጻፈላት ናት። እርስዎም በደግነትዎ የወሊድ ፈቃዷን አልከለከሏትም። አንዲት ትንሽ ፊርማ ብቻ ነው የጠየቋት፦ ባልደረባዋ የፈተሿቸው አርባ ሦስት ሚዛኖች ሁሉ ትክክል ናቸው ብላ ርክክቡ ላይ እንድትፈርም።

የባልደረባዋን ስም አላነሣም። እኛ ቤት የምንጠራቸው “አቶ ምንችግርአለው” ብለን ነው፤ ጉድለት ባሳየቻቸው ቁጥር መልሳቸው ይኸው ነውና። አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር በትክክል የሚነበብበት አንድ ቦታ እንኳ ይኑር ብዬ ነው።

፩ኛ. ሚዛን የሚፈተሸው የኪሎ ድንጋይ ተጭኖበት መሆኑን ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። አቶ ምንችግርአለው የድንጋዮቹን ሣጥን ለሦስት ወር ሲይዙት ግን አንድም ቀን አልከፈቱትም፤ ማጠፊያው ዝጎ በመዶሻ ነው ያላቀቅነው። “ተፈትሾ ትክክል ሆኗል” የሚለው ተለጣፊ ወረቀት በአንጻሩ ተጠርጎ አልቋል። ስለ ንብረት አያያዛቸው ምስጋናዬ ይድረሳቸው።

፪ኛ. ከወፍጮ ቤቱ ጓሮ ከተጣለ ዓመት ያለፈው ሚዛን ላይም ይኸው ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። ሳህኑ ላይ ዶሮ ታቅፋበታለች። ትክክል ነው፣ ዶሮዋም አልተቃወመችም። አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ፤ ያቺ ዶሮ ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ስትታቀፍ “መጀመሪያ ርክክብ ፈርሚ” ያላት የለም።

፫ኛ. የልጅ ልጄ ያላየችውን አልፈርምም ብላ ሚዛኖቹን እንደገና መፈተሽ ጀመረች። ከባድ እንዳታነሣ ተከልክላለች፣ እርስዎም ሸካሚ አልመደቡላትም። ስለዚህ በሰባ ስምንት ዓመቴ፣ ያለ ቅጥር ደብዳቤ፣ የመሥሪያ ቤትዎ ባለሟል ሆኜ ድንጋዩን ከሱቅ ሱቅ የምሸከመው እኔ ነኝ። የወገቤ ጉዳይ ይኸው ነው። እሷ እግሯ አብጦ ጫማዋ እምቢ ስላላት በእኔ ነጠላ ጫማ ትከተለኛለች። የሚያየን ሁሉ ማን ማንን እንደሚደግፍ ግራ ይገባዋል።

፬ኛ. እዚህ ላይ ቀልዴን ይቅር ይበሉኝ።

እውነቱን ልናገርና፣ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ልትፈርም ቆርጣ ነበር። “አባባ፣ ደከመኝ። ብፈርም ማን ያውቅብኛል?” አለችኝ። እኔም፣ እግሯን እያየሁ፣ “ፈርሚ ልጄ” አልኳት። አፍሬ ነው የምጽፍልዎ። ከመፈረሟ በፊት ግን የራሷ ልጅ የሚመዘንበትን የጤና ጣቢያውን የሕፃናት ሚዛን ልይ ብላ ሄድን። ወረቀቱ እንደ ወጉ ተለጥፏል። አንዲት እናት ልጇን አስመዝና ፊቷ በርቷል፤ ባለፈው ወር በሌላ ቦታ አራት ኪሎ የነበረው ልጅ አራት ተኩል ገብቷል። “አደገልኝ!” ትለናለች፣ ለማናውቃት ለእኛ። የልጅ ልጄ ሕፃኑ ሲነሣ ባለ ሁለት ኪሎውን ድንጋይ አስቀመጠች። ሁለት ተኩል አለ፤ በየኪሎው ሩብ ኪሎ ይጨምራል ማለት ነው። ነርሷ ሮጣ ከሌላ ክፍል ሚዛን አመጣች፤ ሕፃኑ ሦስት ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም ሆነ። አላደገም፤ እየከሳ ነበር። የዚያች እናት የፊቷ ብርሃን ሲጠፋ ያየሁትን እኔ ልጽፈው አልችልም። ሕፃኑን ወዲያው ወደ ሐኪም ወሰዱት።

የልጅ ልጄ ወረቀቱን ከሚዛኑ ቀደደችው። እርስዎም በማግስቱ “የመሥሪያ ቤቱን ምልክት አበላሽታለች” የሚል ማስጠንቀቂያ ጻፉላት። ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ፤ ድንጋይ የማያስፈልገው ሥራ ለካ እንዲህ ይፈጥናል።

ገና ያልታዩ አሥራ ዘጠኝ ሚዛኖች አሉ። ከእንግዲህ አትፈርምም፤ እኔም ሁለተኛ ፈርሚ አልላትም። ግን ቀኗ እየደረሰ ነው፤ ምጡ ከቄራው ሚዛንና ከከሰል ቤቱ ሚዛን መካከል ቢይዛትስ? የምለምንዎ ይህን ብቻ ነው፦ ያለዚያ ፊርማ ዛሬውኑ ፈቃዷን ይስጧት፤ አሥራ ዘጠኙም ሣጥኑን የሚከፍት ሰው እስኪያያቸው ድረስ ማንም አይመዘንባቸው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ ያልተቀጠርኩ አገልጋይዎ፣ የኪሎ ድንጋይ ተሸካሚዎ፣ ቅድመ አያት ለመባልም ዓይኔ በር በር የሚያየው ሽማግሌ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ለማስገባት ኮሪደርዎ ውስጥ ሁለት ሰዓት ስቀመጥ ከቢሮዎ በር አጠገብ የቆመውን የሰው ሚዛን አየሁ። ጥበቃው እንዳጫወተኝ፣ በየጠዋቱ ወጥተውበት “ቀነስኩ!” እያሉ በደስታ ይገባሉ። የአቶ ምንችግርአለው ወረቀትም አለበት። ሥራ ስፈታ ባለ አምስት ኪሎውን ድንጋይ ባስቀምጥበት አራት አለኝ። ደስታዎን ማበላሸቴ አይደለም፤ ያቺ እናትም ደስ ብሏት ነበር።