ሁሉን የጠራ ማንንም አልጠራ

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፤

እንደምን ከረምሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? እናታችን እንዴት ናት፣ እግሯ ዛሬም አላስረግጥ አላት? እኔ ጉልበቴ ደረጃ ቢጠላም አለሁ።

«እናታችን ወድቃለች፣ ብቻዬን አልቻልኩም፣ አንዳችሁ ኑ» ብለሽ ለአምስታችንም በስልክ የላክሽው ደርሶኛል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንም አልመለሰልሽም። እኔም አልመለስኩም። ነገሩ የገባኝ ባለፈው ሰኞ ነው።

በማጸዳው ቢሮ፣ ጠረጴዛ ሥር፣ አንድ የኮምፒዩተር ገመድ ጫፉ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ሌላው ጫፉ መሬት ይጎተታል። መጥረጊያዬን እየያዘ አስቸገረኝ። ግድግዳው ላይ ከተሰካው ጫፍ አጠገብ ባዶ ቀዳዳ ስላየሁ የሚጎተተውንም ጫፍ እዚያው ሰካሁት፤ ማስተካከሌ ነበር። ወዲያው የፎቁ ኮምፒዩተር ሁሉ ቀጥ አለ።

የኔትወርኩ ሰው በየጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ ፈልጎ አገኘውና «ይህን ገመድ የገዛ ጭራውን ያስነከሰው ማን ነው?» አለ። እኔ ነኝ አልኩ። አለቃዬ አፉን ሲከፍት ሰውየው ቀደመውና «እማማ፣ የርስዎ ብቻ አይደለም፤ ይህ ቢሮ ድሮም ጩኸት በዝቶበታል» አለኝ።

ሲያስረዳኝ፣ ለካ አንዱ ኮምፒዩተር ሌላውን ሲፈልግ «እገሌ የት ነህ?» ብሎ ለሁሉም ይጮኻል፤ የማይመለከታቸውም ሥራ ፈትተው ይሰማሉ። ማንም የማያትምበት አሮጌ ፕሪንተር እንኳ ቀኑን ሙሉ «አለሁ፣ አለሁ» ሲል ይውላል። ፕሪንተሩ እኔን መሰለኝ። በሰካሁት ገመድ ደግሞ ጩኸቱ እየዞረ፣ እየተባዛ መደማመጥ አሳጣቸው። ሰውየው ገመዱን ነቀለ፣ ፕሪንተሩን አጠፋ፣ የአንዱ ክፍል ጩኸት ወደ ሌላው እንዳያልፍ ለየው። ቢሮው ነፍስ ዘራ።

እኔ መወልወያዬን ተደግፌ አንቺን አሰብኩ። ለአምስት ሰው ስትጮኺ ሹፌሩ ወንድማችን እኔን ጠበቀ፣ እኔ እሱን። አልደብቅሽም፣ ቂምም ነበረኝ። እናንተን ትምህርት ቤት ልካ እኔን ቤት ያስቀረችኝ እናታችን ናት። አንቺን ያዘለ ጀርባ ነው ዛሬም የሰው ወለል የሚወለውል። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። «የተማሩት ይድረሱላት» ብዬ ዝም አልኩ።

አሁን ግን ቂሙም ደከመኝ። ከእንግዲህ ለሁሉም አትጩኺ። ሹፌሩን ለብቻው ጥሪና «እሑድ መኪናህን ይዘህ ና፣ ሐኪም ቤት አድርሳት» በዪው፤ መግቢያ ያጣል። እኔን ግን አንቺ አትጥሪኝ። እድሜዬን ሙሉ «አንቺ ልጅ» ያለችኝ እናቴ አንዴ በስሜ ትጥራኝ። በነጋታው አውቶቡስ ላይ ነኝ።

«ለሁላችሁም ሰላምታ» አልልም። ለባልሽ፣ ሳሉ ይሻለው። ለትልቋ ልጅሽ፣ ፈተናው ይቅናት። ለትንሿ፣ ጥርሷ ቶሎ ይብቀልላት። ለእናታችን ደግሞ ይህን ቀስ ብለሽ አንብቢላት። ማን ጻፈላት ብላ ከጠየቀች፣ በገዛ እጇ ነው በያት።

እህትሽ
ከሦስተኛ ፎቅ፣ ከመጥረጊያ ማስቀመጫው ክፍል
ኅዳር 4 ቀን