በማርያም ቀን የተሸፈነው ቱቦ

ውድ አባ አሥራተ ማርያም፣

እንዴት ሰነበቱ? ገዳሙስ እንዴት ይዞዎታል? ከሰቆጣ የምጽፍልዎ የትናየት ነኝ፤ ያቺ የአየር መለኪያዋን ቁጥር ልትለቅም በየወሩ የምትመጣው። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ዛሬ ከሰዓት በመስኮቴ ስመለከት ተራሮቹ በሰማያዊ ጭጋግ ውስጥ የሚንሳፈፉ ይመስሉ ነበር። ሳላስበው ከአምደወርቅ በላይ መለኪያዋ የተተከለችበት ኮረብታ ላይ፣ ከእርስዎ ጎን የተቀመጥኩ መሰለኝ። መለኪያዋ ስለምትለካው ስለ ኦዞን ጋዝ የነገርኩዎት ቀን ትዝ ይልዎታል? ሰማይ ላይ ሲሆን ከፀሐይ ቃጠሎ ይጋርደናል፣ እኛ አጠገብ ከጭስና ከፀሐይ ሲወለድ ግን ሳንባ ያቆስላል፣ ቡቃያም ያጠወልጋል አልኩዎት።

«እንደ ሳጥናኤል በይኛ! ላይ ሳለ ብርሃን፣ ታች ሲሆን መከራ» አሉኝ። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ።

መለኪያዋን ስምንት ዓመት ጠበቁልኝ። በየወሩ በ12፣ በ21፣ በ27 እና በ29 ቁጥሩ ዝቅ ይል ነበር። ስነግርዎ ዓይንዎ እንባ አቀረረ፤ «የትናየት ልጄ፣ ለካ አየሩም በዓል ያከብራል!» አሉ። እኔ ተምሬያለሁ ባይዋም በበዓል ማሳ ስለማይቃጠል፣ ባጃጁም ስለሚቀንስ ነው ብዬ በሪፖርት ጻፍኩት። እውነቱን ልንገርዎ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በበዓል ቀን እዚህ ሰቆጣ ከቤቴ ስወጣ አየሩ ራሱ ቁጭ ብሎ የሚያርፍ እየመሰለኝ በረጅሙ እተነፍስ ነበር። እርስዎም ተአምር ነው ብለው ሰበኩት፤ በደሃና ወረዳ ያልሰማ የለም።

በበዓል ቀን ወደ መለኪያዋ ሄጄ አላውቅም ነበር፤ ባለፈው ወር ግን በ21 ሳላሳውቅ ወጣሁ። እርስዎ ዓምና ከመነኮሱ ወዲህ ጠባቂዋ የእኅትዎ ልጅ ይታየሽ ናት። አየር በሚገባበት ቱቦ አፍ ላይ ነጭ ነጠላ ተጠቅልሎ ታስሯል።

«ምነው ይታየሽ?»

«አባ ናቸው ያስለመዱኝ። በማርያምም በሌላውም በዓል እንኳን በሬ መለኪያዋም ትረፍ እያሉ ከጥንትም ይሸፍኗት ነበር» ብላ ሳትጨርስ ሳል ያዛት። አስሟ በበጋ ከሰዓት ይብስባታል።

ነጠላውን ፈታሁት። ለካ ኦዞኑ ጨርቁ ላይ እየቀረ ኖሯል፤ ቁጥሩ ዓይኔ እያየ ወጣ።

አባቴ፣ የተሸፈኑትን ቀናት ሁሉ አውጥቼ የዘጠኙን ዓመት እንደገና አሰላሁ። ጤና አይጎዳም ከተባለው ልክ በታች ነን ስል የኖርኩት ስህተት ነበር። ልኩን ካለፍን ሦስት ዓመታችን ነው፤ በየዓመቱም ዳገት እንደሚወጣ ሽማግሌ ቀስ እያለ ይጨምራል። ይህ ከታወቀ ለጤና ጣቢያዎች ማስጠንቀቂያ ይደርሳል፤ እንደ ይታየሽ ያሉት በጠራራ ፀሐይ ደጅ እንዳይውሉ ይነገራቸዋል። እንዲታወቅ ግን እርስዎ የሰበኩት ተአምር መፍረስ አለበት። ፊትዎ እየመጣብኝ የእርማት ሪፖርቱን ወር ሙሉ ሳልልክ አቆየሁት። እወድዎታለሁ፣ ነግሬዎትም አላውቅ።

ዛሬ ጠዋት ላክሁት። ቅጹ ላይ «የስህተቱ ምክንያት» የሚል ቦታ አለ። ብዙ ካሰብኩ በኋላ እንዲህ ብዬ ሞላሁት፦

«ቱቦው በበዓል ቀናት ይሸፈን ነበር። መሸፈን እንደሌለበት ለጠባቂው የነገረው ሰው የለም። መንገር የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

ከሥሩም ፈረምኩ። ይቆጡኝ፣ ግን ጸሎትዎ አይለየኝ።

ልጅዎ የትናየት
ሰቆጣ