«አዎን» ያልኩበት ማዕድ

አቃቂ ቃሊቲ
ግንቦት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድሽ ልጄ ለቢፍቱ፣
ሜልበርን

በእኔና በአንቺ መካከል የተዘረጋው ባሕር ስፋቱ ምን ያህል እንደሆነ ከአውሮፕላን መስኮት በዓይኔ አይቼ ስለተመለስኩ፣ ከእንግዲህ ሰላምታዬን እንደ ቀድሞው በስልክ በችኮላ የምወረውረው ሳይሆን፣ ያን ሁሉ ውኃ ተሻግሮ እንዲደርስ አድርጌ፣ አክብጄና አስሬ እልክልሻለሁ፦ እንደምን ሰነበትሽ፣ ልጄ? እኔና እናትሽ አደሴ፣ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን፣ ደህና ነን።

ባለፈው ሳምንት ረቡዕ በሰላም ገባሁ። የላክሽላትን ወፍራም ሹራብ እናትሽ ከሻንጣው አውጥታ፣ ገና ከእጥፋቱ ሳትፈታው አሽትታ፣ «ይኼ የሱቅ ሽታ ነው እንጂ የልጄ አይደለም» ብላ ስታስቀምጠው፣ አንቺ ሳምንት ሙሉ የለበስሽውን ያንገት ልብስ ከበር ጀርባ ሰርቄ መምጣቴን ልደብቃት አልቻልኩም፤ ከእጄ ቀምታኝ ወደ ጓዳ ሄደች። የጠፋብሽ በዚህ ነውና አትፈልጊው። ዝናቡ ዘንድሮ ቀድሞ ጀምሯል፤ ከቱሉ ዲምቱ የሚመጣው ታክሲም ጭቃውን እየተራገመ በፊት በሃያ ደቂቃ የሚደርስበትን መንገድ ዛሬ በሰዓት ይጨርሰዋል።

ስለ ዝናብ የምጽፈው ግን ይኸው ነው፤ ስለ ዝናብ ብቻ ጽፌ ከአንቺ የሸሸሁበት ደብዳቤ አንድ ይበቃኛልና። የዛሬ ሦስት ዓመት የሕክምናውን ትምህርት በአራተኛ ዓመቱ መተውሽን፣ ለቤት ኪራይ ብለሽ ጎሕ ሳይቀድ ትሠሪበት በነበረው ዳቦ ቤትም ጋጋሪ ሆነሽ ለመኖር መወሰንሽን ስትገልጪልኝ፣ እኔ፣ ሠላሳ አራት ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የጽሕፈት ክፍል ተቀምጬ የሌላውን ሁሉ ደብዳቤ ሳሳምር የኖርኩት ሰው፣ የክረምቱን ዝናብ አብዝቼ ጽፌ፣ ስለ ውሳኔሽ አንዲት ቃል ሳልመልስ ፖስታውን አሸግሁት። አንቺም ሁለተኛ አላነሳሽብኝም። ለእናትሽ ነገርኳት፤ ለሰፈሩ ግን አልነገርኩም፤ እናትሽም ለእኔ አፍራ ዝም አለች።

አሁን የምነግርሽን ደግሞ አታውቂውም። ዝም ማለቴ ሳያንስ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ዶክተሯ ትይልን እያለ የሚሰጠኝን የመድኃኒት ወረቀት፣ ራጅና የታሸገ ደብዳቤ እየተቀበልኩ፣ ለአንቺ ልኬው መልሱ የመጣልኝ አስመስዬ፣ «ዶክተር ቢፍቱ ጨው ቀንሱ፣ ሳትዘገዩም ወደ ሆስፒታል ሂዱ ብላለች» እላቸው ነበር። ለጉልበትም፣ ለሳልም፣ ለዓይንም የምሰጠው ምክር ይኸው አንዱ በመሆኑ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልገደልኩም። ወደ አንቺ ስመጣም የባለ ሱቋን የሐጀራን የጉልበት ራጅ በቡናማ ፖስታ ይዤ ነበር የመጣሁት፤ አብረን በበላንበት በዚያ እሑድም በቦርሳዬ ውስጥ ሆኖ ከወንበሬ ሥር ተቀምጦ ነበር።

ያን እሑድ! በሰባ አራት ዓመት ዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ማዕድ ቀርቦልኝ እንደሆነ አላስታውስም። ከቅዳሴ ወጥተን፣ በእናንተ ዘንድ በግንቦት የሚረግፈውን ቢጫ ቅጠል እየረገጥን፣ ከቤትሽ ሁለት መታጠፊያ ርቃ ወዳለችው ወደምትጋግሪባት ዳቦ ቤት ስንገባ፣ የሞቀ ቅቤና የዳቦ ሽታ ከበር ተቀብሎ እጄን ይዞ ያስቀመጠኝ ነው የመሰለኝ። ሰዓቱን አይቼ ቁርስ ይሆን ምሳ ብዬ ብጠይቅሽ፣

«ሁለቱም አይደለም፣ አባዬ። ብራንች ይባላል» አልሽኝ።

«ታዲያ እኛ ስድሳ ዓመት ሙሉ ከቅዳሴ መልስ የምንበላው ምን ነበር?»

«እሱማ ብራንች ነበር፤ ስሙን ሳታውቀው ነዋ የኖርከው!»

በዓለ ሃምሳ በመሆኑም ጾም የለም፣ ቅቤው አይከለከል፣ እንቁላሉ አያሳቅቅ፤ ስለዚህ ሕሊናዬ ከሆዴ ጋር ያለ ጠብ ተቀመጠ። መጀመሪያ የመጣው፣ ዳሩ ጠቆር ብሎ የተጠበሰ ወፍራም የእርሾ ዳቦ፣ በላዩ በሎሚና በጨው የተለነቀጠ አቮካዶ፣ ከዚያም በላይ ያለ ቅርፊቷ በፈላ ውኃ የበሰለች እንቁላል ነበረች፤ ቢላዋዬ ገና ሲነካት አስኳልዋ ፈንድቶ በአረንጓዴው ላይ እየወረደ ዳቦውን ሲያርሰው፣ ቆርሼ ለመጉረስ አዘንኩ፤ ግን ጎረስኩ። በቅቤ የተጠበሰው እንጉዳይ፣ ንብርብሩ እንደ መጽሐፍ ገጽ የሚገለጠው ክሩዋሳን፣ ባለቤቲቱ ራሷ ይዛልን የመጣችው የብርቱካን ማርማላታ፣ ሁሉም በየሳሕኑ ሲደረደር አንድም ቅሬታ አልነበረኝም፤ ከማኪያቶው በቀር። በእኛ ሰፈር ማኪያቶ ቢባል ወተቱ ደልቶት የሚመጣ መሆኑን የማያውቁ ሰዎች፣ የጡጦ ክዳን በምታህል ስኒ ጥቁር ቡና አቅርበው፣ በላዩ እንባ የምታህል ወተት ጠብ አድርገውበት ሄዱ። አንቺም ሳቅሽብኝ።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ያ ስሕተት የመጣው። በአጠገባችን ብቻውን የተቀመጠ ሽማግሌ ነበረና፣ ሰው እያየኝ ብቻዬን መጉረስ ነውር ሆኖብኝ፣ ወደ እሱ ዞሬ እንደ ወጋችን «እንብላ» አልኩት፣ በዚያው በፋብሪካ እንግሊዝኛዬ። የእኛ ሰው ቢሆን «ይባረክ፤ ይስማማችሁ» ብሎ ይተወን ነበር፤ እሱ ግን «በጣም ደስ ይለኛል» ብሎ፣ ወንበሩን በወለሉ ላይ እያንጫጫ ጎትቶ መጥቶ ከመካከላችን ተቀመጠ። አንቺ በመሐረብ አፍሽን ሸፍነሽ፣

«አባዬ፣ እዚህ አገር እኮ ካልክ አልክ ነው!» ስትይኝ፣

«በይ ሁለተኛውን እንቁላል አቅርቢለት» ከማለት በቀር ምን አማራጭ ነበረኝ?

ዴኒስ የሚባለው ይህ ሰው፣ ጡረታ የወጣ የትራም ነጂ፣ እንቁላሌን እየበላ ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመት እንዳለፋት ነገረን። ቤቱ ውስጥ ለአንድ ሰው ብቻ ምግብ መሥራት እንዳልሆነለት፣ እሑድ በመጣ ቁጥር ግን ይህን ዳቦ ብሎ ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ ከቤት እንደሚወጣ፣ ሳምንቱንም ሰው ሆኖ የሚቆየው በዚህ እንደሆነ ነገረን። ባለቤቲቱ በአጠገባችን ስታልፍ ጣቷን ወደ አንቺ ቀስራ «የምትጋግረው እኮ እሷ ናት» አለችው። ሹካውን አስቀመጠ፤ አንቺን አየ፤ እኔን አየ።

«አባቷ ነህ? እንግዲህ አገርህ ላለው ሰው ሁሉ እየነገርክ አላስቀምጥ ብለሃቸው ይሆናል!»

«አዎን» አልኩት።

ያቺን ቃል ስናገር ቦርሳው እግሬን ነካኝ። አንቺ ቀና ብለሽ አላየሽኝም፤ በሳሕንሽ ዳር የተበተነውን ፍርፋሪ በጣትሽ ጫፍ አንድ በአንድ እያነሳሽ፣ «እንቁላሉ ሳይቀዘቅዝብህ ብላ፣ አባዬ» ብቻ አልሽ። ከሁለት ቀን በኋላም በአውሮፕላን ማረፊያው ለምርቃት ጎንበስ ስትዪልኝ፣ ዕድሜሽን መረቅሁ፣ ጤናሽን መረቅሁ፣ መንገድሽን መረቅሁ፤ ሥራሽን ግን ዘለልኩት። አንቺም ወዲያው ቀና አላልሽም፤ ጥቂት ጠበቅሽ። መጠበቅሽን አውቄዋለሁ፣ ልጄ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱ እንኳን ደህና ገባህ ሊለኝ ቤታችን ሞላ። ሐጀራ ጉልበቷን እያሻሸች፣ ከሱቋ ሁለት ኪሎ ስኳር ይዛ ከሁሉ ቀድማ ደረሰች፤ የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ቡልቻም ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ከዋናው ወንበር ተቀመጠ። ሻዩ ገና ሳይቀዳ፣

«ጋሽ አጥናፉ፣ ዶክተሯ ራጄን አየችልኝ?» አለች ሐጀራ።

ፖስታውን አምጥቼ እንደታሸገ ሰጠኋት።

«አላየችውም።»

«ሥራ በዝቶባት ነዋ! ሐኪም መቼ ጊዜ አለው?» ብላ፣ እግዜር ይስጣትና፣ የማመልጥበትን በር ራሷ ከፈተችልኝ። እናትሽ ማንቆርቆሪያውን እንዳነሳች ቆማ አየችኝ። መውጣት እችል ነበር፤ አልወጣሁም።

«ሐጀራ፣ ልጄ ሐኪም አይደለችም። ትምህርቱን ከተወች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ዳቦ ጋጋሪ ናት። እስከ ዛሬ መልሱን ሁሉ ስሰጣችሁ የነበርኩት እኔ ነኝ።»

ሐጀራ ፖስታውን በደረቷ እንደያዘች አፍጥጣ አየችኝ።

«ጨው ያስጣሉኝ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ አልጫ የበላሁት በእርስዎ ትእዛዝ ነው?»

«በእኔ ነው።»

«ወላሂ ጋሽ አጥናፉ፣ ጨዌን ይመልሱልኝ!» ብላ እስክታነባ ስትስቅ ቤቱ አብሯት ፈነዳ። ቡልቻ ግን አልሳቀም።

«እኔ ያን ደብዳቤ የጻፍኩት ለሐኪም ነበር» አለኝ። «አንብበኸዋል?»

«አንብቤዋለሁ።»

ብድግ ብሎ ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ። ሕመሙ ምን እንደነበረ እዚህ አልጽፈውም፤ ያለ ፈቃዱ አንድ ጊዜ ያነበብኩት ይበቃል። በምክሬ ወደ ሆስፒታል ሄዶ መዳኑን ባውቅም፣ ይህ ለእኔ መከራከሪያ አይሆነኝም፤ የሰውን ገመና በልጄ ስም ከፍቻለሁና። ማግስቱን ይቅርታ ልጠይቀው ብሄድ፣ ከውስጥ እየሰማሁት የለም አስባለኝ።

እንግዶቹ ሲሄዱ እናትሽ ስኒውን እየሰበሰበች «ምን ይዞህ ነው እስከ ዛሬ?» አለችኝ። እውነቱን ነገርኳት፦ የዶክተሯ አባት እየተባልኩ በለቅሶ ቤትም በሠርግ ቤትም ወንበር ይለቀቅልኝ ነበርና፣ ያን ወንበር ወደድኩት። «ወንበር ከሆነማ እኔ እለቅልሃለሁ» አለችኝ፤ ከዚያ ያንን ማዕድ ከመጀመሪያው ጀምሬ እንድነግራት አስቀመጠችኝ። ቅርፊት አልባዋን እንቁላል ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ፤ አላመነችም። ስለ ዴኒስ ስነግራት ግን ምንም አልጠየቀችም፤ «ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ» አለች ለራሷ፤ ከዚያም፣ «አየህ አጥናፉ፣ ይህ ሰው ታማሚ ነበር እኮ» አለችኝ።

እኔ በሦስት ዓመት ያላየሁትን እሷ ሳትሄድ አየችው። አንቺ የተውሽው ትምህርቱን ነው እንጂ ሰውን በእግሩ ማቆሙን እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ፤ እንዳከብረው ግን ሥራሽ ከሕክምና ጋር መመሳሰል አልነበረበትም፣ ዳቦ መሆኑ በራሱ ይበቃ ነበር፤ ይህንንም ዘግይቼ እየተማርኩ ነው።

ስለዚህ በአውሮፕላን ማረፊያው ያስቀረሁብሽን ዛሬ ቆሜ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ እጽፍልሻለሁ። የእጅሽን ሥራ እግዚአብሔር ይባርክልሽ። ሊጥሽ አይጥፋብሽ፤ እርሾሽ አይሙትብሽ፤ ክንድሽ ላይ ያየሁትና እንዳላየ ያለፍኩት የምድጃ ጠባሳ ሁሉ ሽሮ ክብር ይሁንሽ። ዳቦሽን የቆረሰ ይጥገብ፤ ብቻውን የመጣ፣ ሰው አግኝቶ ይሂድ። አሜን በይ፤ ጎንበስ ብለሽ ከነበርሽ አሁን ቀና በይ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ዛሬ ጠዋት ታክሲ መጠበቂያው ላይ ጋሽ ቡልቻን አገኘሁት። አራት ቀን ሙሉ ዝም ያለኝ ሰው፣ ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳደረገ፣ «ገብስም ትጋግራለች?» አለኝ። የአባቱ እርሻ ዛሬ ኮንዶሚኒየም በቆመበት መሬት ላይ በነበረ ጊዜ፣ እናቱ የምትጋግረው የገብስ ዳቦ ከእጇ ጋር መጥፋቱን ሁላችንም ስንሰማ ኖረናል። አላውቅም አልኩት። «ጠይቃት እንግዲህ» ብሎኝ ታክሲው ውስጥ ገባ።

መልሱን ቶሎ ጻፊልኝ፣ ልጄ። ሰውዬው እየጠበቀ ነው፤ በዚህ ጊዜ ከራሴ የምመልስለት የለኝም።

የጋጋሪዋ አባት፣
አጥናፉ